እትዬ እማዋይሽ ከመኪናዋ አልወርድም ያሉ ዕለት

ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሲከታተሉ የሰነበቱትም ትንሽ ይታገሱኝ። ሶስና የሰቆጣ ልጅ ናት። እናትና አባቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ያሳደጓት አክስቷ እትዬ እማዋይሽ ናቸው፤ የማር መጋዘንና የጭነት አይሱዙ ያላቸው፣ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ፣ ገበያ ሲወጡ ሰው ቆሞ የሚያሳልፋቸው ሴት። ሶስና አዲስ አበባ ተምራ እዚያው ባንክ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከአንድ የመኪና ስፖርት ክለብ ጋር ትወዳደራለች። ፋንታሁን የሰቆጣ መካኒክ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ እሱም ዲያቆን ነበር፣ ድጓውን ትቶ መፍቻ ያዘ። በእኛ አገር ብረት የሚነካ እጅ እንዴት እንደሚታይ መቼም ታውቃላችሁ። ሶስናና ፋንታሁን አብረው ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ ይህንን ከሁለቱ በቀር ከተማው በሙሉ ያውቃል።

እንግዲህ በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሶስና መኪና ሰቆጣ ገባች። የገባችው ግን በገዛ ጎማዋ አልነበረም። በአክስቷ አይሱዙ ጀርባ ላይ፣ በባዶ ጆንያዎች መሃል ታስራ ነው የመጣችው። ባለ ሁለት ወንበር፣ ቀይ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የውድድር መኪና ናት፤ ሰውነቷ ቀላል ስለሆነ መጋዘኑ በር ላይ ጎረምሶች ተሰብስበው በእጃቸው አወረዷት። አንዱ ሽማግሌ ዞሯት ዞሯትና፣ “ይቺ የመኪና ግልገል ናት፤ እናቷ የት ቀረች?” አለ።

ክለቡ ደሴ አካባቢ የአቀበት ውድድር አዘጋጅቷል፤ መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናዋ ግን ለአስፋልት የተሠራች ነበረች። ሰፋፊና ለስላሳ ጎማዎቿ ወጥተው ጠበብ ያሉ፣ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ሊገቡላት ይገባል። ሞላዎቿና መንገጫገጩን የሚያለዝቡት አሞርዛተሮቿም መቀየር፣ ሆዷም ከድንጋይ መራቅ አለበት። ይህን የሚሠራ ጋራዥ አዲስ አበባ ጠፍቶ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እትዬ እማዋይሽም ጠይቀዋል። ሶስና፣ “ኮረኮንቹን እዚሁ ልለማመድ ብዬ ነው” አለቻቸው። እትዬ እማዋይሽ ሞኝ አይደሉም። “መልካም። ሥራው በእኔ መጋዘን፣ በእኔ ዓይን ሥር ይሠራል” አሉ፤ በርጩማቸውንም አስመጥተው መሃል ተቀመጡ።

ፋንታሁን ቱታውን ለብሶ መጣ። ሶስና ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ትንሽ ከስቷል፣ ጺሙን አሳድጓል። ዓይኗን ከዓይኑ ልታገናኝ ስትሞክር ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

“በአስፋልቱ ላይ ንፋሱን ምን ያህል ያደርጉት ነበር?” አላት።

“ያደርጉት ነበር?” አለች ሶስና። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያደጉ ሰዎች ናቸው። አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረው ጽፈዋል። አሁን በአክስቷ ፊት አንቱ እየተባለች ነው።

“ስለ ጎማው ነው የጠየቅሁዎት።”

ነገረችው። እሱም አዲሶቹን ጎማዎች ከቸርኬው ጋር እያገጣጠመ፣ ንፋሳቸውን እየቀነሰ አስገባ። የጭነት መኪና ጎማ እንደ ከበሮ እስኪጮህ ይነፋል፤ ይቺ ግን ጎማዋ ከጠነከረ በጠጠር ላይ እንደ ኳስ ትነጥራለች እንጂ መንገዱን አትይዝም። ይህን ሁሉ ያስረዳው ለእትዬ እማዋይሽ ነበር። ሶስና አጠገባቸው ቆማ አጥር የተባለው ነገር ከድንጋይ ብቻ ሳይሆን ከአንቱታም እንደሚሠራ አሰበች፤ ከፋትም።

*

ከምሳ በኋላ የማስተካከሉ ሥራ መጣ። ሞላዎቹ ሲቀየሩ መኪናዋ ብድግ ብላለች፤ አሁን አራቱም እግሮቿ እኩል መቆም አለባቸው። እያንዳንዱ ሞላ ሥር ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ ሲጠብቅ ያነሳታል፣ ሲላላ ዝቅ ያደርጋታል። ፋንታሁን የመጋዘኑን ሲሚንቶ በውሃ ልክ ፈትሾ፣ ጎማዎቹን በገመድ አሰልፎ፣ ሜትሩን ያዘና፣ “ይቀመጡባት” አላት። መኪናዋ ከመቅለሏ የተነሳ የነጂው ክብደት ብቻውን ያዘነብላታል፤ ስለዚህ ልኳ የሚወጣው ነጂው ተቀምጦባት፣ መሪ ጨብጦ፣ ሳይንቀሳቀስ ነው።

ሶስና ገብታ ተቀመጠች። ይሄኔ እትዬ እማዋይሽ ከበርጩማቸው ተነሡ፣ በወዲያኛው በኩል ዞሩ፣ በሩን ከፈቱ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ጎኗ ቁጭ አሉ። እትዬ እማዋይሽ ገዘፍ ያሉ ሴት ናቸው። መኪናዋ እህ አለች።

“እዚሁ እሻላለሁ። ወገቤንም ደገፍ ያደርገኛል” አሉ።

ማንም ይውረዱ አላላቸውም። ምን ይባላል? በዋግ ምድር ጋቢናው ባዶ ሆኖ የሚሄድ መኪና ማን አይቶ ያውቃል? መንገድ ዳር ቄስ ይቆማል፣ ነፍሰ ጡር ትቆማለች፣ ዶሮ የታቀፈ ሰው ይቆማል፤ ባዶ ወንበር ይዞ ያለፈ ሹፌር ስሙ እስከ ጽጽቃ ይነሣል። ለፋንታሁን ጎኑ የተሞላ መኪና ማለት መኪና ማለት ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ሐሳቡ ሁሉ በግራው ወንበር ላይ ነበር። በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ፣ ለካ፣ “ቀኟ ዝቅ ብሏል” ብሎ ቀለበቱን አጠበቀ፣ ደግሞ ለካ።

ሶስና ከበላዩ ሆና የመፍቻውን ድምፅ ታዳምጣለች። ባለፈው ዓመት ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጽፋለት ነበር። ስለ ብቸኝነቷ፣ ስለ ሰቆጣ ሰማይ፣ መጨረሻው ላይም ስለ መኪናዋ መንገጫገጭ ጨምራ። የመጣላት መልስ ስለ አሞርዛተር ብቻ ነበር። ዝም አይነቅዝም እያለ የሚኖር ሰው ነው ፋንታሁን፤ አይነቅዝም ይሆናል፣ ሌላውን ግን ያነቅዛል።

“እና ያ ኢንጂነር” አሉ እትዬ እማዋይሽ ድንገት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ትእዛዙ የሚሉት፣ ምን ልትመልሽለት ነው? ስትመለሺ ቃልሽን ይጠብቃል ብለሽኝ የለም? እሺ ካልሽው ሽማግሌዎቹ ይመጡብኛል፤ ከወዲሁ ልወቀው።”

ከመኪናዋ ሥር የመፍቻው ድምፅ ቀጥ አለ።

“አላውቅም እትዬ። እሑድ ስመለስ እመልስለታለሁ።”

“ጥሩ ሰው ናቸው?” አለ ከሥር የመጣው ድምፅ።

ሶስና መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አንድ ቃል፣ ሌላ አንድ ቃል ከዚያ ከሲሚንቶው ላይ ቢመጣላት ምንኛ በወደደች። “ጥሩ ሰው ነው” አለች።

መፍቻው ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

“እንግዲያው እግዜር ያሳምርልዎ” አለ ፋንታሁን። መፍቻውም ሥራውን ቀጠለ። ሶስና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን አክስቷ እንዳያዩባት እንጂ የሚታይ ነገር እንኳ አልነበረም።

*

በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ ሶስና ለሙከራ መኪናዋን ብቻዋን አውጥታ የጽጽቃን መንገድ ያዘች። እትዬ እማዋይሽ፣ “የቆመችውን ነው የምወዳት፤ ስትሄድ ሆዴን ትበጠብጠኛለች” ብለው ቀሩ።

መጀመሪያ ላይ ደስ አላት። አዲሶቹ ጎማዎች ጠጠሩን ነክሰው ይይዛሉ፣ ሞላዎቹ ድንጋዩን ውጠው ያልፋሉ፤ ያቺ አስፋልት ካልሆነ የምታለቅስ መኪና አሁን እንደ ፍየል ዳገቱን ትወጣዋለች። ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ማለቷን አስተውላለች፤ መንገዱ ይሆናል ብላ ተወችው።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ከመታጠፊያው ጀርባ፣ ጭድ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት አገኘች። ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ፊቷን ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ አዞረች። ሶስና መሪውን ታግላ መለሰችው፣ አቧራው ተነሣ፣ ቆመች። የግራው የፊት ጎማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ነበር።

የአህዮቹ ባለቤት ቀስ ብሎ መጣና ወደ ገደሉ አየ፣ ወደ እሷም አየ። “ልጄ፣ በዚያ በኩል መንገድ የለም” አላት።

ሶስና መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስለቀሳት ገደሉ አይደለም። ፋንታሁን ያስተካከለው መኪና ወደ ጎን ሲስብ ታይቶ አይታወቅም። የሰሃላን ጥግ፣ የተከዜን ቁልቁለት የሚወርዱ የእህል መኪናዎች ፍሬን በእሱ እጅ አልፎ ነው ሹፌሩ አማትቦ የሚሄደው። የሷን ግን እንዲያው ለይምሰል ነካክቶ ሰጣት። ልቡ አልነበረበትም። አይወደኝም ብላ ስትጠረጥር ቆይታ ነበር፤ አሁን ግን አመነች፤ ማመኑ ደግሞ ከመጠርጠሩ ይልቅ አመማት።

*

“ገደል ልትሰደኝ ነው?” አለችው መጋዘኑ በር ላይ ገና ሳትወርድ።

ፋንታሁን የሆነውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ጎንበስ ብሎ ለካ። ቀኟ ከፍ፣ ግራዋ ዝቅ ብሏል። ሶስና ስትወርድ ባዶዋንም ለካት። እራሱን ነቀነቀ።

“ትናንት እኩል ነበረች። በቅድስት ድንግል እኩል ነበረች! እስኪ ይመለሱና ይቀመጡ።”

ሶስና እየተቆጣች ተቀመጠች። እትዬ እማዋይሽም እንደ ልማዳቸው ዞረው ጎኗ ተቀመጡ። መኪናዋ እህ አለች። ፋንታሁን ሜትሩን ዘረጋ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ፊት፣ ኋላ፣ ሁሉም እኩል።

ቀና አለ። ሶስናን አያት። ከዚያ እትዬ እማዋይሽን አያቸው። በግራሶ የተለወሰ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ።

“እትዬ፣ ትናንት እርስዎን ጨምሬ ነው የለካኋት። እርስዎ ሲኖሩ ቀና ትላለች፤ ሲወርዱ ቀኟ ይቀላትና ትዘማለች፤ ፍሬን ሲያዝም ትስባለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። እባክዎ ትንሽ ይውረዱልኝ፣ እንደገና ልሥራት።”

“ከበዱ እያልከኝ ነው?”

“አዎ... ማለቴ፣ ለመኪናዋ ነው እንጂ...”

“አልወርድም!” አሉ እትዬ እማዋይሽ። ነጠላቸውን አጣፉ። “ያሳደግኋትን ልጅ ከጎረምሳ ጋር ትቼ በርጩማ ላይ ልቀመጥ? ትናንት ዕድል ነበረህ። አንዱን ነገር ባንዴ መጨረስ አይሆንልህም፤ ደግሞ መመለስም አታውቅበትም። ሽማግሌህንም እንደዚሁ አንዴ ልከህ ቀረህ!”

ካፍ ከወጣ አፋፍ።  ማሩ ላይ የሚያንዣብቡት ንቦች ሳይቀሩ ጆሯቸውን የጣሉ መሰለ።

“ምን ሽማግሌ?” አለች ሶስና።

በተቀመጠችበት ወደ አክስቷ ዞረች።

“እትዬ፣ ምን ሽማግሌ?”

“አምና ነው” አሉ እትዬ እማዋይሽ ወደፊት እያዩ፤ መስታወቱን የሚያናግሩ ይመስሉ ነበር። “ከመስቀል በኋላ። አለቃ ገብረ ጻድቅ ከፋንታሁን ቤት ተልከው፣ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ልጅሽን ለልጃችን አሉኝ። እኔም አይሆንም፣ ልጄ ገና ናት ብዬ ሸኘኋቸው። ታዲያ ምን ልበል? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚባለው ልጅቱ ጉድ ሲኖርባት ነው! አባቴ ለእኔ ሽማግሌ ሲመጣ ሁለቴ መልሶ በሦስተኛው ነው የሰጠኝ። ለሁለተኛው ቀን ብዬ ጠጅ ጣልኩ። ምርጡን ነጭ ማር። ጠበቅሁ፤ የመጣ ሰው የለም። ጠጁ ኮመጠጠ።” ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። “የመሪጌታ ልጅ ነው፣ የነጋዴ ቤት ንቆን ነው አልኩ። ላልተመለሰ ሽማግሌ ብዬ ምኑን ልንገርሽ?”

ፋንታሁን ሜትሩን በእጁ እየጠቀለለ ነበር። “አለቃ እንመለስ ብለውኝ ነበር” አለ። “ሦስት ጊዜ ነው ደንቡ ብለው ለመኑኝ። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። አይሆንም አሉ ሲሉኝ፣ ለቀጥቃጭ አንሰጥም ያሉኝ መሰለኝ።”

“ቀጥቃጭ የሚል ቃል ከአፌ ወጣ?”

“አልወጣም እትዬ። እኔው ነኝ የጨመርኩበት። አባቴም ሲሉኝ፣ ጎረቤቱም ሲለኝ ነው የኖርኩት፤ እርስዎ ሳይሉም ሰማሁት።”

ሶስና በሩን ከፍታ ወጣች። 

“ቆይ፣ ቆይ። እትዬ ጠጅ ጥለው ተቀየሙ። አንተ ኮርተህ ተቀመጥክ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ተቀምጬ አይወደኝም እያልኩ ማታ ማታ አልቅሻለሁ። ሁለት ገጽ ጽፌልህ የመለስክልኝ ስለ አሞርዛተር ነው!”

“አሞርዛተሩ አርጅቶ ስለነበር...”

“ፋንታሁን!”

 ዛሬም ዝም የሚል መስሏት ልቧ ሊሞት ደረሰ። እሱ ግን ሜትሩን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በቱታው ጠረገ፣ አልጠራም። አክስቷ እንዳሉ፣ ከፊታቸው ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት።

“ሶስና፣ እወድሻለሁ” አለ። “አንቱ ያልኩሽ አንቺ ካልኩሽ ሁሉም ነገር ከአፌ እንዳያመልጥ ፈርቼ ነው። ስትመጪ መንገዱ ያሳስበኛል፣ ስትሄጂ መንገዱን እጠላዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ሁሉ ጋራዤ በር ላይ ሲቆም ጋቢናውን አያለሁ። ዛሬ በእኔ እጅ ገደል ልትገቢ ነበር፤ ያ ሆኖ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ልሆን ነበር? ኢንጂነሩን እሺ ማለት ከፈለግሽ መኪናሽን ዛሬውኑ አስተካክዬ፣ ፍሬኗን ደግሜ አይቼ እሸኝሻለሁ። ግን እንድትይው አልፈልግም። ይህን አምና ልነግርሽ ይገባ ነበር።”

ሶስና ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን ለቅሶ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የዓመቱ ሁሉ ወረደ።

“ለኢንጂነሩ እምቢ ለማለት አንድ ቃል ነበር የፈለግሁት” አለች ስትችል። “አንድ ቃል ብቻ። እኔም እወድሃለሁ። ድሮም እወድህ ነበር። ግን ሥራዬ አዲስ አበባ ነው፣ አንተ እዚህ...”

“መኪና አዲስ አበባም ይበላሻል” አለ ፋንታሁን።

ሶስና በእንባዋ መሃል ሳቀች። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደችና አክስቷ ትዝ ስላሏት ቆመች።

እትዬ እማዋይሽ ከመኪናዋ እየወረዱ ነበር። በሩን ይዘው፣ ወገባቸውን ደግፈው፣ “ወይ እናቴ” እያሉ ወጡ፤ የመኪናዋ ቀኝ ጎን ብድግ አለ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ፋንታሁን መጥተው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

“ጨረስክ?” አሉት። “ሽማግሌ ሳትልክ፣ እጅህ በግራሶ ተለውሶ፣ በገዛ መጋዘኔ ውስጥ ቆመህ ልጄን ትጠይቀኛለህ?”

ፋንታሁን አንገቱን ደፋ። “አዎ እትዬ።”

“አልሰጥም!” አሉ እትዬ እማዋይሽ፣ ገበያው እስኪሰማ።

ሶስና በድንጋጤ የአክስቷን ክንድ ያዘች። እትዬ እማዋይሽ እጇን መታ መታ አደረጉት፤ ዓይናቸው ግን ከፋንታሁን አልተነሣም።

“ሰምተሃል? ይህ ሁለተኛው ነው” አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ለሦስተኛው አለቃ ገብረ ጻድቅን ነገ ከቅዳሴ በኋላ ላካቸው። ሶስናን የሚመልሳት አይሱዙ ከምሳ በፊት አይነሣም። አደራህን፣ ዘንድሮም እንዳታስቀራቸው።”

ይህን ብለው በርጩማቸውን አንስተው ወደ ውጭ ወጡ፤ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ጀርባቸውን ወደ መጋዘኑ ሰጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ ሶስና ከውስጥ አየቻቸው። ፋንታሁን ሜትሩን ከመሬት አነሣ። ካህናት ሲመርቁት ያደገ ልጅ ነው፤ እንደዚያ “አልሰጥም” ደስ ያሰኘው ቃል ግን ሰምቶ አያውቅም።